ለዳገቱ የሚበቃ ቤንዚን

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ነርሷ ሲስተር አልታየች ናት። በየጠዋቱ የደም ግፊቴን እንድጽፍበት ነው። "ጋሽ ወልደኪዳን፣ የሚያበሳጭዎት ነገር ካለም አብረው ይጻፉት" ብላኛለች። የሚያበሳጨኝ ነገር የለም። ዕድሜዬን በሙሉ ከባድ መኪና ነድቼ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ከቤቴ ጓሮ ጋራዥ ከፍቻለሁ። ያማረኝን መኪና እጠግናለሁ፤ ያላማረኝን "ጊዜ የለኝም" ብዬ እመልሳለሁ። ምን ያበሳጨኛል?

ዛሬ ምሳ ላይ ልጄ ሳሌም አንድ ነገር ነገረችን። በታኅሣሥ የመኪና እሽቅድምድም አለ፤ ከአልዩ አምባ ተነስቶ አንኮበር የሚያልቅ፣ ከታች እስከ ላይ ዳገት ብቻ። ተመዝግባለች። ባለቤቴ ደመቀች ሽሮውን ማውጣት አቁማ እኔን አየችኝ። እኔ "ጎሽ" አልኩ። ደስ ብሎኛል። ያለችን አንድ ልጅ ናት። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሳ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ጋራዡ ውስጥ ከእኔ ጋር ናት። ክረምቱን ሙሉ ለአሮጌዋ ስታርሌት መኪናዋ አብረን ቱርቦ ገጥመንላታል። ለምን እንደምንገጥም አልጠየቅኩም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰው ቱርቦ የሚያስገጥመው ቤተ ክርስቲያን ለመሳም አይደለም።

ደስ ብሎኛል።

ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። እህልና ሽንኩርት ስጭንበት ኖሬአለሁ። መሐሉ ላይ አንድ ኩርባ አለ። የእሱን ነገር ሌላ ቀን።

ግፊት፦ ከፍ ብሏል። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር።


ጥቅምት 6

ጉዳዩ ኢንጀክተር ነው። ሲስተር አልታየች ምናልባት ካነበበችው ብዬ ላስረዳ። ቱርቦ ማለት ሞተሩን አየር በግድ የሚያጎርስ መሣሪያ ነው። አየር ሲጨመር ቤንዚንም መጨመር አለበት፤ እንጀራ ሲጨመር ወጥ እንደሚጨመረው። ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጩት አራት ትንንሽ ኢንጀክተሮች ናቸው። የስታርሌቷ የራሷ ኢንጀክተሮች የተሠሩት ቱርቦ ለሌላት፣ ለሰላማዊ መኪና ነው።

ሳሌም ሂሳቧን ሠርታ መጣች። የድሮዎቹ በደቂቃ ሁለት መቶ ሲሲ ገደማ ይረጫሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ቢውሉም ለቱርቦው አይበቁም አለች። ገበያ ላይ መካከለኛ አለ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ የሚረጭ፤ ትልቅም አለ፣ አምስት መቶ ሃምሳ። እሷ የፈለገችው ትልቁን ነው። ወደፊት ጉልበት ብጨምርላትም ይሆነኛል ትላለች። ለልጅ "ሲያድግ ይሆነዋል" ተብሎ እንደሚገዛ ጫማ መሆኑ ነው። ሰፊ ጫማ ያደናቅፋል አልኳት።

እኔ የድሮዎቹ ይበቃሉ ባይ ነኝ። ምክንያቴ የሙያ ነው። ከናፍጣ ሞተር ጋር አርጅቻለሁ። ናፍጣ ሲቀነስለት ሞተር ይበርዳል፣ ጠባዩ ይለዝባል፣ ዕድሜው ይረዝማል። መኪናውም ትንሽ ቀስ ይላል። ይህ ግን ከምክንያቶቼ ዋናው አይደለም።

"ናፍጣ ሌላ፣ ቤንዚን ሌላ ነው አባዬ" አለችኝ። ከመወለዷ በፊት ሞተር እፈታ እንደነበር የረሳች ይመስለኛል።


ጥቅምት 11

ዓብዱ ሱቅ ሄድኩ። ዓብዱ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ እዚህ ከተማ መለዋወጫ ይሸጣል። የእኔና የእሱ ወዳጅነት ግን ከሱቁ በፊት ነው። እንዲህ ያለ ኢንጀክተር እሱ ካላመጣ ደብረ ብርሃን ላይ አይገኝም። ሳሌም ከመጣች "የለም" በላት አልኩት።

"መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ?" አለ።

ለደግ ነው አልኩት። የሞተሩን ጤንነት፣ የቤንዚኑን ወጪ፣ የናፍጣና የቤንዚንን ዝምድና ዘረዘርኩለት። ዓብዱ ጢሙን እያሻሸ ሰማኝና ስለ ኢንጀክተር አንድም ነገር ሳያነሳ "ልጅቷ ጎበዝ ነጂ ናት፣ አይደል?" አለኝ። ስለ ነጂነቷ ማን አነሳ?

"ወላሂ፣ አልዋሽም ወልዴ" አለ በመጨረሻ። "ግን ሱቅ መዝጋት ሐራም አይደለም። ከሩቅ ካየኋት እዘጋለሁ።"

ከዚያ ሻይ ጠጣን። ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከሰው አጥር ትርንጎ እንደሰረቁ ልጆች አንገታችንን ደፍተን።


ጥቅምት 16

ሳሌም ዛሬም ከዓብዱ ሱቅ ባዶ እጇን ተመለሰች። "ጋሽ ዓብዱ ሶላት አብዝተዋል" አለቻት ለእናቷ። "በሄድኩ ቁጥር ዝግ ነው። አምስቱ አልበቃቸውም መሰለኝ።" ደመቀች እኔን አየችኝ። ይህች ሴት ማየት አብዝታለች።


ጥቅምት 22

ቸኩያለሁ። የድሮዎቹን ኢንጀክተሮች ፈታሁ። አጠብኩ። ፈተሽኩ። እንደ ጉም ይረጫሉ። መለስኳቸው። ሳሌም ሌላ እስክታገኝ ብዬ ነው።


ጥቅምት 24፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ የወልደኪዳን ልጅ በመኪና ገደል ልትወጣ ነው አሉ ትላለች። ሁለተኛዋ አባትየው ምን አለ ብላ ጠየቀቻት። "ምን ይላል? መኪናውን የሚያሰናዳላት እሱ አይደል።"

ዞር አላልኩም። ነጠላዬን አስተካከልኩ። እውነታቸውን ነው፤ የማሰናዳላት እኔ ነኝ። ስለዚህም ነው ኃላፊነት የሚሰማኝ። ስለዚህም ነው ትንሹ ኢንጀክተር የተሻለ የሚሆነው።

ከሰዓት በኋላ እስከ ጫጫ ከተማ ነድተናት ተመለስን። ስታርሌቷ ምንም አልጎደላትም፤ ቱርቦውም እያፏጨ ይሠራል። ሳሌም ግን አየርና ቤንዚን መመጣጠናቸውን የሚያሳየውን መለኪያ እያየች ግንባሯን አኮማተረች። ጠርዝ ላይ ነው አለች። "እዚህ ከፍታው ነው የሚያድነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል። አልዩ አምባ ቆላ ነው፤ ወፍራም አየር ሲገባባት ታችኛው ዳገት ላይ ትራባለች።"

ሠላሳ ዓመት ስወጣ ስወርድ አየር ወፍሮ አላየሁም አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ አያቷን ትመስላለች፤ እሱም ሰው አይሰማም ነበር።


ኅዳር 3

ጫጫ አንድ ሰው መኪናው ቆሞበት ጠርቶኝ ሄጄ ዋልኩ። ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ ጥቁር ጭስ ጭስ ይላል። ደመቀች ልጆች ጎማ አቃጥለው ነው አለች፣ ዓይኗን ከምትለቅመው ምስር ሳታነሳ። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከሳሌም ልብስ ቤንዚን ይሸታል፤ ሲቀዳ ፈሰሰብኝ አለች።

ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሱትን የስታርሌቷን ካንዴላዎች ብፈታቸው እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ካንዴላ የሚጠቁረው ቤንዚን ሲትረፈረፍ ነው። የድሮ ኢንጀክተር ከየት አምጥቶ ያትረፈርፋል? ገርሞኝ አጸዳሁና መለስኩ። ሞተር አንዳንዴ የራሱ ምሥጢር አለው።


ኅዳር 9

ጤና ጣቢያ። ግፊቴ አሁንም አልወረደም። ሲስተር አልታየች ምን እንደሚያስጨንቀኝ ጠየቀችኝ። ኢንጀክተር ነው አልኳት። መርፌ መሰላት። "አይፍሩ ጋሼ፣ ለግፊት መርፌ አንሰጥም" አለችና እጄን መታ መታ አደረገችው። እኔም አላረምኳትም።


ኅዳር 16

ትናንት አልጻፍኩም። 

ትናንት እሑድ መንገዱን እንሞክር ብላ ወረድን። እሷ በስታርሌቷ፣ እኔ በፒክአፕ መኪናዬ፣ መፍቻና ገመድ ጭኜ። እሷ እስከ አልዩ አምባ ወረደች። እኔ ኩርባው ላይ ቀረሁ። ጥላ ስላለው ነው።

ሞተሩን ከሩቅ ሰማሁት። ደብረ ብርሃን ላይ የማላውቀው ድምፅ ነበር፤ የጠነከረ፣ ደረቱን የነፋ። በእውነት አየሩ ወፍሮላት ነበር። ወዲያው ሌላ ድምፅ ገባበት፤ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ እንደሚሰማው። ያን ድምፅ የሰማ መካኒክ "ሞተሩን አጥፉ" ብሎ ይጮኻል። ከዚያ ከኩርባው ብቅ አለች። ከዚያ ዝም አለች። ሞተሩ ጠፋ፣ እዚያው ኩርባው አንጀት ላይ።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከላይ እህል የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ ይወርዳል። ሳሌም የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ መሪውን ጠምዝዛ፣ የመኪናዋን ቂጥ ከተራራው ግድግዳ ጋር አጋጨችው፤ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል። አይሱዙው በመሐላቸው የእጅ መዳፍ እንኳ የማያስገባ ክፍተት ይዞ አለፈ። እኔ ሮጥኩ። ድንጋይ አንስቼ ከጎማዋ ሥር ሸጎጥኩ። ከዚያ እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሳሌም ወጣች። ምንም አልሆነችም። ፊቷ ብቻ አመድ መስሏል። ኮፈኑን ከፍታ፣ አንዱን ካንዴላ በጨርቅ ይዛ ፈታችው። እንደ ጠመኔ ነጭ ነው። ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቁ ደቃቅ ነጥቦች አሉበት። ከፒስተኑ ላይ የቀለጠ ነው። ቤንዚን ሲያንስ እሳቱ ይግላል፤ ናፍጣ እንደዚያ አያደርግም።

ካንዴላውን በጨርቁ ላይ እንዳለ አቀበለችኝ።

"ተርባ ነው የቆመችው አባዬ" አለች።

 በገመድ ጎትቼ አመጣኋቸው። እሷ ከኋላ ስታርሌቷን ይዛ መሪ ታዞራለች። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ከመንገዱ ይልቅ በመስታወቱ እሷን ሳይ መጣሁ።

ቀስ እንድትል ብዬ ነበር። የምትቆመው እዚያ መሆኑን ማን አወቀ?


ኅዳር 18

ስለ ኩርባው ልጻፍ።

ሳሌም ገና ጡት ሳትጥል ነው። ሽንኩርት ጭኜ ስወጣ ዝናብ ያራሰው ዳር ተናደና የኋላ ጎማዬ አየር ላይ ተንጠለጠለ። በሩን ብከፍት መኪናው ሚዛኑን ይስታል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ቀትር መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። መተንፈስ ራሱ ያስፈራኝ ነበር። ከታች ሰዎች ገመድ ይዘው መጥተው ጎተቱኝ። ፊት ሆኖ የጎተተውና መጀመሪያ በሩን የከፈተልኝ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ዓብዱ ነው። ቤት ስገባ ለደመቀች ጎማ ፈንድቶብኝ ቆየሁ አልኳት። ከዚያ በኋላም ለዓመታት በዚያ መንገድ ተመላልሻለሁ። እዚያ ኩርባ ላይ ስደርስ ሬዲዮ አጠፋ ነበር፤ ሌላ ምንም።

ይህን ትናንት ጋራዡ ውስጥ ለሳሌም ነገርኳት። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ከፍተን የተበላውን ፒስተን እያየን ነበር። የዓብዱንም ነገር ነገርኳት፤ ሱቁን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ወደ ክፍሏ ገብታ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ከፈተችው። አራት ትልልቅ ኢንጀክተሮች፣ አምስት መቶ ሃምሳዎቹ።

"ጋሽ ዓብዱ በፊት ለፊት ሲዘጉ እትዬ ኩብራ በጓሮ በር ትሸጥልኝ ነበር" አለች።

ኩብራ የዓብዱ ሚስት ናት። እሱም እስከ ዛሬ አያውቅም።

እኔ ጫጫ በዋልኩበት ቀን ገጥማቸው ኖሯል። መኪናዋ ገና ስትነሳ ቤንዚን አንቆ ያዛት። ትልልቆቹ ሲያንጠባጥቡ እንኳ እንደ ቧንቧ ነው፤ ጥቂት መስጠት አያውቁም። ከጥቁር ጭስ ጋር እየተንተፋተፈች ገበያው አፋፍ ድረስ ሄዳ ቀጥ አለች። ገፍተው ነው የመለሷት፤ እኔ ሳልመጣም የድሮዎቹን ደግመው ገጠሙ።

"ከማን ጋር ገፋሽ?" አልኩ።

ደመቀች በሩ ላይ ቆማለች። "ከማን ጋር ትግፋ ታዲያ?" አለችኝ።

ስለዚህ እኔ አስርቤአታለሁ፤ እነሱ አስጠግበው አንቀዋታል። ሳሌም እንደዚያ ብላ መሳቅ ጀመረች። እኔ ልስቅ ስል ያ አይሱዙ ትዝ አለኝና አልቻልኩም። መጥታ ትከሻዬ ላይ ግንባሯን አስደገፈች። እጇ ግራሶ ስለነበር አልነካችኝም። ሁለታችንም ስለ መኪናዋ ያወራን መስለን ብዙ ቆየን።


ኅዳር 25

ዓብዱ መካከለኛዎቹን ይዞ ራሱ መጣ። አራት በቂ ሳለ ስድስት አመጣ፤ የሚመሳሰሉትን መምረጥ ያስፈልጋል። ኢንጀክተር ወንድማማች ይሁን እንጂ መንታ አይደለም። አንዱ ትንሽ ካነሰ የእሱ ፒስተን ብቻውን ይቃጠላል።

ከደመቀች ስድስት የውሃ ብርጭቆ ተበደርን። ወደ ኩሽና ከእንግዲህ እንዳይመለሱ ተብለናል። ስድስቱን አሰልፈን እኩል ጊዜ አስረጨናቸው። ሳሌም ብርጭቆዎቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘቻቸው፤ እኔ መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። አራቱ ልክ ለልክ ሆኑ። ሁለቱን ለዓብዱ መለስንለት።

ዓብዱ የኩብራን ነገር ሰማ። ጢሙን አሻሸና "ለካ እኔ ዘግቼ ሳለሁ ነው ሱቁ የሚሸጠው" አለ።


ታኅሣሥ 5

አዲስ ፒስተን፣ በዙሪያው የሚገባ አዲስ ቀለበት፣ ፋሻ የምንለው፣ ገብቷል። ሳሌም ላፕቶፗን ከመኪናዋ ጋር አገናኝታ የትኛው ጉልበት ላይ ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ ትሞላለች። እኔ አጠገቧ ወንበር አስቀምጬ መንገዱን እነግራታለሁ። ከታች ሙቀት ስላለ እዚያ እንዳትቆጥቢ፤ ከወንዙ በላይ ዳገቱ ይጠናል፤ የከባድ መኪና ትንፋሽ የሚያጥረው ቀዝቃዛው ነፋስ ሲመጣ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቤንዚኑ ሊቀነስ ይችላል። ሁሉንም ጻፈች። ግማሹን መኪናዋ በራሷ ታውቀዋለች መሰለኝ፤ ሳሌም ግን እንደዚያ አላለችኝም።

ዛሬ ታች ወርደን ሞከርናት። አልተንኳኳችም። አልታነቀችም። ካንዴላውን ፈታን። የተቆላ ገብስ መስሏል፤ ትክክለኛው ቀለም እሱ ነው። ካንዴላውን ኪሴ ከትቼው ቀረ። ደመቀች ስታጥብ አግኝታው ጮኸችብኝ።

ግፊት፦ ወርዷል። ጾም ስለገባ ይሆናል።


ታኅሣሥ 11

ችግር። እሽቅድምድሙ ላይ በየመኪናው ሁለት ሰው መቀመጥ አለበት፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው መንገዱን እየቀደመ ይናገራል። የሳሌም ጓደኛ ገብረአማኑኤል ነበር ሊቀመጥላት። አረርቲ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አለቆቹ ፈቃድ አልሰጡትም።

ኩሽና ውስጥ ለእናቷ ስትነግራት ሰማሁ። ለመስማት አልቆምኩም፤ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ደመቀች መንገዱን እንደ አባትሽ የሚያውቅ ማን አለ ስትላት ሳሌም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አልጠይቀውም እማዬ። እምቢ ካለ ያዝናል፤ እሺ ካለ ያመዋል።"

ጫማዬን ሁለት ጊዜ አሰርኩት።


ታኅሣሥ 13

ሲስተር አልታየችን፣ ግፊት ያለበት ሰው መኪና መሳፈር ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የት ድረስ አለችኝ። አንኮበር። በአውቶቡስ? እንደዚያ ነገር አልኩ። ምንም አይልም፣ ውሃ ይያዙ አለችኝ።


ታኅሣሥ 14

ሄልሜት ለካሁ። ጆሮዬን አጣጥፎ ያዘው። ሳሌም ዘለበቱን አሰረችልኝ። አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም።


ታኅሣሥ 21

ሆነ።

ትናንት ጠዋት አልዩ አምባ ደረስን። አሥራ አንድ መኪና ተሰልፏል። አብዛኞቹ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቀለማቸው የሚያንጸባርቅ ናቸው። የእኛዋ የኋላ መብራቷ ያኔ ከተራራው ጋር ስትጋጭ እንደተሰነጠቀ ነው። የዓብዱ ዘመዶች መንገዱ ዳር ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ዓብዱ በመስኮቴ በኩል ጎንበስ ብሎ "ያ አላህ፣ አንተ ነህ የምትቀመጠው?" አለኝና መልስ ሳይጠብቅ በሩን ራሱ ዘጋልኝ። መዘጋቱን ለማረጋገጥ ደግሞ ገፋው።

ባንዲራው ወረደ። ስትነሳ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ሠላሳ ዓመት ስነዳ መኪና እንደዚህ አድርጎኝ አያውቅም፤ የእኔ መኪናዎች ከመነሳታቸው በፊት ያስቡ ነበር። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች በተስተካከለ ድምፅ ነገርኳት። ግራ፣ ጠባብ። ቀኝ፣ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ድንጋይ አለ። ሳሌም "እሺ" ትላለች በእያንዳንዱ ላይ፣ በሹክሹክታ፣ ለራሷ እንደምትል ሆና። መለኪያውን አየሁ። መርፌው ከቦታው አይነቃነቅም። ሞተሩ ይጠይቃል፣ ኢንጀክተሮቹ ይመልሳሉ፤ አያንስም፣ አይተርፍም። ከወንዙ በላይ ዳገቱ ሲጠና ጆሮዬን አቀናሁ። ጠጠር የሚያፈስ ድምፅ የለም።

ከዚያ ኩርባው መጣ።

የምለውን ከቤት አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። "ቀስ በይ፣ በተራራው በኩል ያዢ።" ሌሊት አልጋዬ ላይ በልቤ ተለማምጄዋለሁ። እጆቿን አየሁ። መሪው ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ ሊጥ እንደያዙ እጆች፣ አይጨብጡም፣ አይለቁም። መንገዱ ባዶ ነው። ሞተሩ ጠግቦ ይዘፍናል። እዚህ ላይ ከቀነሰች ቱርቦው ይተኛል፤ ሲነቃ ኩርባው መሐል ይሆናል፣ ጎማውም ይንሸራተታል። ይህን ያወቅኩት ያኔ ነው ወይስ ድሮም አውቀው ነበር? እንጃ። አፌን ከፈትኩ።

"ጨምሪ" አልኩ።

ለአንድ አፍታ ወደ እኔ ዞር ያለች መሰለኝ። ከዚያ ጨመረች። ገደሉ በመስኮቴ በኩል መጣ፣ ሰማይ ብቻ ሆነ፣ ሄደ። ኩርባው ከኋላችን ቀረ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ግራ ጠባብ፣ ጨምሪ። ቀኝ ረጅም፣ ጨምሪ። ቀዝቃዛው ነፋስ መጣ፣ የአንኮበር ቤቶች መጡ፣ ጨምሪ። መጨረሻው መስመር ላይ ስንደርስም እያልኩ ነበር ይመስለኛል።

አራተኛ ወጣን። ከሦስቱ ቀዳሚዎች ሁለቱ የዓመታት ተወዳዳሪዎች ናቸው አሉ። ሳሌም ወርዳ ኮፈኑን ከፈተችና እጇን አየሩ ላይ ዘረጋች፤ ሙቀቱን ለመለካት፣ ምድጃ እንደሚሞቅ ሰው። እኔ ለመውረድ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሄልሜቱ አልወልቅ ብሎኝ ነው።

ደመቀች ጋቢ ይዛ ላይ ስትጠብቀን ነበር። አንኮበር ቀትር ላይም ይበርዳል። አልብሳኝ ፊቴን አገላብጣ አየች። ምሳ ስንበላ ነው ድምፄ እንደተዘጋ ያስተዋለችው፤ እንደ ዶሮ ነበር የማወራው።

"ምን እያልክ ነው እንዲህ የጮህከው?" አለችኝ።

"ቀስ በይ እያልኳት" አልኩ።

ሳሌም እጇን እየታጠበች ነበር። ውሃው ከክንዷ እየተንጠባጠበ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

"እውነቱን ነው እማዬ" አለች። "እስከ ላይ ድረስ እሱን ብቻ ሲል ነበር።"